የተወዳዳሪው ሀብትና ዕዳ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ገንዘብ ነው። የመንግሥትን በጀትም የገበያውን ዋጋም ለሌላ ቀን ትተን፣ «ምረጡኝ» ብሎ ፊታችን ስለሚቆም ሰው የግል ገንዘብ እንነጋገራለን። ይህ ሰው ስንት ቤት አለው? ገቢው ከየት ነው? ከማን ተበድሯል? መራጩ ይህን የማወቅ መብት አለው ወይ? ካለውስ የተነገረውን በምን ያረጋግጣል?

በእኛ ባህል የሰው ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው። «ደሞዝህ ስንት ነው?» ብሎ በአደባባይ የሚጠይቅ ሰው ስድ ይባላል። የቤት ገመና ከቤት አይወጣም ተብለን ነው ያደግነው። መቼም የጎረቤታችን ሀብት አያገባንም፤ እውነት ነው። ጎረቤታችን ግን ነገ የእኛን ግብር የሚመድብ፣ መሬት የሚሰጥና ጨረታ የሚያጸድቅ ሰው ልሁን ካለ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ መጠየቁ ነውር መሆኑ ይቀራል።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የውጭ አገር ጉዳይ ስለምናነሳ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ አገራችን አዋጅ ስንመጣ በራሳችን እንቆጥራለን።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ወደ 1952 እንሂድ። አሜሪካ በፕሬዝዳንት ምርጫ ተወጥራለች። ሪፐብሊካኖች ያሰለፉት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና የሆነውን ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወርን ነው። ለምክትልነት ከጎኑ ያቆሙት ደግሞ የካሊፎርኒያውን ሴናተር ሪቻርድ ኒክሰንን፤ ገና የ39 ዓመት ሰው። በሴፕቴምበር አጋማሽ ኒውዮርክ ፖስት የተባለው ጋዜጣ፣ ኒክሰን ባለጸጋ ደጋፊዎቹ ያዋጡለት፣ ለብቻው የተቀመጠ ገንዘብ አለው ብሎ ጻፈ። መጠኑ ወደ 18,000 ዶላር ነበር። ኒክሰን ገንዘቡ ለጉዞ፣ ለፖስታና ለመሳሰለው የፖለቲካ ወጪ የዋለ እንጂ ኪሴ የገባ አይደለም አለ። በዘመኑ ሕግም ክልክል አልነበረም። ግን ማን ይሰማል! የሪፐብሊካን ወዳጅ የሚባሉ ጋዜጦች ሳይቀሩ ከውድድሩ ይውጣ ማለት ጀመሩ። አይዘንሃወርም ይቆይ ወይም ይሂድ ሳይል ነገሩን ዳር ሆኖ ያይ ጀመር።

ሴፕቴምበር 23 ማታ ኒክሰን ከሎስ አንጀለስ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ለግማሽ ሰዓት ተናገረ። የአየር ሰዓቱን ፓርቲው በ75,000 ዶላር ገዝቶለታል። ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተከታተለው። ያን ማታ ያደረገው በአሜሪካ ፖለቲካ ያልተለመደ ነገር ነበር፤ ያለውንና ያለበትን አንድ በአንድ ዘረዘረ። ዋሽንግተን ያለው ቤቱ የተገዛው በ41,000 ዶላር ነው፤ ከዚያ ውስጥ 20,000 ዶላሩ ገና አልተከፈለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወላጆቹ የሚኖሩበት ሌላ ቤት አለው፤ እሱም ዕዳ አለበት። መኪናው የ1950 ኦልድስሞቢል ናት። አክሲዮንም ቦንድም የለውም። ዋሽንግተን ከሚገኘው ሪግስ ባንክ 4,500 ዶላር በአራት ከግማሽ በመቶ ወለድ ተበድሯል። ከወላጆቹም 3,500 ዶላር ተበድሮ በየጊዜው 4 በመቶ ወለድ ይከፍላቸዋል። ለገዛ እናትና አባት ወለድ መክፈል ለእኛ ጆሮ ይከብዳል። እሱ ግን በኩራት ነው የተናገረው፤ ደክመው ያጠራቀሙት ገንዘብ ስለሆነ ያለ ወለድ አልወስድባቸውም ለማለት ነው።

ሚስቱም ውድ የሆነውን የሚንክ ካፖርት እንደማትለብስ፣ ያላት ተራ የጨርቅ ካፖርት እንደሆነ ተናገረ። በመጨረሻም አንድ የተቀበልነው ስጦታ አለ አለ፤ ከቴክሳስ ሰው የተላከ ጥቁርና ነጭ ቡችላ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ስሙን ቼከርስ ብላዋለች፤ ልጆቼም ወደውታል፤ የፈለጋችሁትን በሉ፣ ቡችላውን አንመልስም አለ። ሰው አለቀሰ። ሕዝቡ ሐሳቡን ለፓርቲው ጽሕፈት ቤት በቴሌግራም እንዲልክ ጠየቀና፣ አድራሻውን ሳይናገር የአየር ሰዓቱ አለቀበት። ቢሆንም የድጋፉ ቴሌግራም ጎረፈ። ኒክሰን ከአይዘንሃወር ጎን ቀረ፤ ምርጫውንም አሸነፉ።

ያ ንግግር እስከ ዛሬ የሚጠራው በውሻው ስም ነው። የቼከርስ ንግግር ይሉታል። በሕዝቡ ልብ የቀረውም ቡችላው ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለመራጭ የሚጠቅመው የዕዳው ዝርዝር ነበር። ሀብት ሰውየው ትናንት ምን እንዳገኘ ይናገራል። ዕዳ ደግሞ ነገ ማን ስልክ ሊደውልለት እንደሚችል ይናገራል። ባንኩ በስሙ ተጠርቷል፣ የወለዱ መጠን ተነግሯል፣ ወላጆቹም አሉበት። ከባለጉዳይ የተወሰደ ብድር ቢኖር ኖሮ ቦታው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር።

ያም ሆኖ ዝርዝሩ ከአፉ የወጣ ብቻ ነው። ደጋፊዎቹ ያዋጡትን ገንዘብ አንድ የሂሳብ ድርጅት እንደመረመረው በንግግሩ ጠቅሷል፤ የግል ሀብቱን ግን የመረመረው አልነበረም። ተቃዋሚዎቹ ዴሞክራቶችም እንደ እሱ እንዲያደርጉ ተገዳድሮ ነበር። የዴሞክራቶቹ እጩ አድላይ ስቲቨንሰን የአስር ዓመት ገቢውን ይፋ አደረገ። አይዘንሃወርም ጠቅለል ያለ አሃዝ ሰጠ። ነገሩን ያስጀመረው ኒክሰን የግብር ማስታወቂያውን ሳያሳይ ቀረ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሃያ አንድ ዓመት እንዝለል። 1973 ላይ ኒክሰን ፕሬዝዳንት ነው፤ የተቃዋሚው ፓርቲ ቢሮ ሰበራ ያስነሳው የዋተርጌት ቅሌትም አንገቱ ላይ ደርሷል። በዚህ መሀል ፕሮቪደንስ ጆርናል የተባለ የሮድ አይላንድ ጋዜጣ የፕሬዝዳንቱን ግብር የሚመለከት አሃዝ እጁ ገባ። ኒክሰን በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ እያገኘ፣ ለ1970 የከፈለው የፌዴራል የገቢ ግብር 792 ዶላር ከ81 ሳንቲም ነበር። በቀጣዩ ዓመት የከፈለውም 878 ዶላር ነው።

እንዴት ሆኖ? ምክትል ፕሬዝዳንት በነበረበት ጊዜ የተጻፉ ወረቀቶቹን ለመንግሥት ቤተ መዛግብት በስጦታ ሰጥቻለሁ ብሎ፣ ዋጋቸው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው አስብሎ ያንን ከገቢው ላይ አስቀነሰ። እንዲህ ያለውን ቅናሽ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር፤ መቁረጫ ቀኑም ጁላይ 25 ቀን 1969 ነው። የስጦታው ሰነድ ላይ የተጻፈው ቀን ከዚያ በፊት ያለ የማርች ቀን ነው። ሲመረመር ግን ሰነዱ የተፈረመው በ1970 ሆኖ ተገኘ። ቀኑ ወደ ኋላ ተጎትቶ ነበር ማለት ነው።

በኖቬምበር 1973 ፍሎሪዳ ውስጥ በጋዜጣ አዘጋጆች ፊት ቆሞ እኔ አጭበርባሪ አይደለሁም ያለው ስለ ገንዘቡ ሲያስረዳ ነው። ብዙ ሰው ስለ ዋተርጌት ሰበራው የተናገረው ይመስለዋል። በወሩ የግብር ወረቀቶቹን አወጣ፤ የምክር ቤቱ የግብር ኮሚቴም መርምሮ ከ400,000 ዶላር በላይ ቀሪ ዕዳ አለብህ አለው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተለመደ። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት የፕሬዝዳንቱንና የምክትሉን ግብር በየዓመቱ የመመርመር መመሪያ ያዘ፤ ከ1977 ጀምሮ። ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደሩ ሰዎችም የግብር ማስታወቂያቸውን ማሳየት ልማድ አደረጉት። ልማድ ነው የምላችሁ፤ ሕግ አልነበረም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሕግ ሆኖ የወጣው ሌላ ነገር ነው። በ1978 ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር የመንግሥት ሥነ ምግባር ሕግን ፈረሙ። በዚህ ሕግ መሠረት ለፕሬዝዳንትነትም ሆነ ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ገና ሳይመረጥ የሀብት ቅጽ መሙላት አለበት። ቅጹ ሀብቱን፣ የገቢ ምንጩን፣ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ ዕዳውንና የአበዳሪውን ስም ይጠይቃል። የሞላውን ማንም ሰው ማየት ይችላል። ሜሪላንድም ሆነ ሚኒሶታ ሆናችሁ ዜግነት ወስዳችሁ የምትመርጡ ወገኖች፣ የፕሬዝዳንት እጩዎቻችሁን ቅጽ ከመንግሥት ሥነ ምግባር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ማውጣት ትችላላችሁ።

ስታወጡት ግን የምታገኙት ትክክለኛ ቁጥር አይደለም። ቅጹ የተሠራው በሣጥን ነው። ከ1,001 እስከ 15,000 ዶላር አንድ ሣጥን፤ ከ15,001 እስከ 50,000 ሌላ፤ እንዲያ እያለ ይወጣል። አንድ ሚሊዮን ከአንድ ዶላር ያለውና አምስት ሚሊዮን ያለው ሰው አንድ ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የመጨረሻው ሣጥን «ከ50 ሚሊዮን በላይ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው። በትዳር ጓደኛ ስም ብቻ ላለ ንብረት ደግሞ ጣራው ይበልጥ ዝቅ ይላል፤ «ከአንድ ሚሊዮን በላይ» ብሎ ያበቃል። የሚኖርበት ቤት ካላከራየው በስተቀር ከሀብቱ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ዶናልድ ትራምፕ በ2015 የሞሉት ቅጽ 92 ገጽ ነበር። የምርጫ ቡድናቸው ሀብታቸው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ብሎ መግለጫ አወጣ። ቅጹ ይህን ሊያረጋግጥም ሊያስተባብልም አይችልም፤ ሣጥኑ 50 ሚሊዮን ላይ ቆሟል። ዕዳውም እንደዚያው። ዶይቸ ባንክ የሚል ስም ተጽፎ በአጠገቡ «ከ50 ሚሊዮን በላይ» ይላል። በ2020 ኒውዮርክ ታይምስ የግብር መረጃቸውን አግኝቶ እንደዘገበው፣ በግል ተጠያቂ የሚሆኑበት ዕዳ 421 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አብዛኛውም በአራት ዓመት ውስጥ የሚከፈል። አያችሁ፣ ሣጥኑ የአበዳሪውን ስም ነግሮናል፤ የሸክሙን ክብደት ግን አልነገረንም።

እዚህ ላይ ሁለቱን ወረቀቶች እንለያቸው፤ ሰው ስለሚያምታታቸው ነው። የሀብት ቅጽ ያለህን ይጠይቃል። የግብር ማስታወቂያ በዚያ ዓመት ያገኘኸውንና የከፈልከውን ይናገራል። አስር ሕንፃ ያለው ሰው በግብር ወረቀቱ ላይ ከስሮ ሊታይ ይችላል። ደህና ደሞዝ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ምንም ሀብት ላይኖረው ይችላል። አንዱን ብቻ ያየ መራጭ ሰውየውን በአንድ ዓይን እንዳየው ይቁጠር።

የግብሩን ወረቀት በፈቃዳቸው ካሳዩት ሰዎች ውስጥ የአባትና ልጅ ታሪክ አለ። ጆርጅ ሮምኒ የሚቺጋን አገረ ገዥ ነበር። በ1967 ለፕሬዝዳንትነት ሲነሳ የአስራ ሁለት ዓመት የግብር ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ዓመት ብቻ ማሳየት አያጠግብም፤ ያ ዓመት ለታይታ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር ሐሳቡ። ልጁ ሚት ሮምኒ በ2012 ሲወዳደር ስንት ዓመት ቢያሳይ ጥሩ ነው? ሁለት። የ2011 ገቢው 13.7 ሚሊዮን ዶላር፣ የከፈለው ግብር ደግሞ ከዚያ 14.1 በመቶ ነበር። ያቺ 14.1 ደግሞ ራሷ ታሪክ አላት። በዚያ ዓመት ባልና ሚስት ወደ አራት ሚሊዮን ዶላር ለበጎ አድራጎት ሰጥተዋል። ሙሉውን ቢያስቀንሱ ግብሩ በጣም ይወርድ ነበር። ሮምኒ ከዚያ ቀደም ከ13 በመቶ በታች ከፍዬ አላውቅም ብሎ ስለነበር፣ ከስጦታው 2.25 ሚሊዮኑን ብቻ አስቀነሱ። እንግዲህ አባትየው የፈራው ይኸው ነው፤ ለታይታ የተስተካከለ ዓመት።

ትራምፕ በ2016 ልማዱን ጨርሶ ተዉት። የግብር ማስታወቂያ አላሳዩም፤ አሸነፉም። ልማድ እንጂ ሕግ አልነበረም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ካሊፎርኒያ በ2019 የግብር ወረቀቱን ያላሳየ የፕሬዝዳንት እጩ በክፍለ ግዛቴ የቅድመ ምርጫ ወረቀት ላይ አይገባም የሚል ሕግ አወጣች፤ የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በሙሉ ድምፅ ሻረው። በ2020 ኒውዮርክ ታይምስ ትራምፕ ለ2016ና ለ2017 የከፈሉት የፌዴራል የገቢ ግብር 750፣ 750 ዶላር ብቻ እንደነበር ጻፈ። በመጨረሻ በዲሴምበር 2022 የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ የስድስት ዓመቱን ማስታወቂያ ለሕዝብ አወጣው።

ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ መመርመር ነበረበት አላልኩም? ኮሚቴው እንዳገኘው፣ የትራምፕ የ2016 ግብር ምርመራ የተከፈተው ኤፕሪል 3 ቀን 2019 ነው። ያ ቀን የኮሚቴው ሊቀ መንበር ወረቀቱ ይሰጠኝ ብሎ ደብዳቤ የጻፈበት ቀን ነው። መመሪያው አርባ ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ጊዜ ግን የቀሰቀሰው አንድ ደብዳቤ ይመስላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አሜሪካን እንተዋትና ወደ ሕንድ እንሻገር። ስለ ተወዳዳሪዎች ሀብት ከተነሳ፣ ከሕንድ ልምድ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ አላውቅም።

በ1999 አህመዳባድ ከተማ ያለ የማኔጅመንት ተቋም መምህራን የዴሞክራሲያዊ ማሻሻያ ማኅበር የሚል ድርጅት መሥርተው ፍርድ ቤት ሄዱ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ የሚመርጠው ሰው የሚመረጠውን ይወቀው። ሜይ 2002 ላይ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። መራጭ ስለ ተወዳዳሪው የማወቅ መብቱ ሐሳብን በነጻነት ከመግለጽ መብት ጋር አንድ ነው አለ። ስለዚህ ማንኛውም እጩ የተከሰሰበትን ወንጀል፣ የትምህርት ደረጃውን፣ ሀብቱንና ዕዳውን በቃለ መሐላ ይግለጽ ተባለ።

ታዲያ ፖለቲከኞቹ ምን አሉ? በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙት ፓርቲዎች ገዥና ተቃዋሚ ሳይሉ በዚህ አንድ ሆኑ። ፍርድ ቤቱ ምንም ቢወስን እጩ ይህን ለመግለጽ አይገደድም የሚል አንቀጽ በሕጉ ውስጥ አስገቡ። ፍርድ ቤቱ ማርች 2003 ላይ አንቀጹን ሻረው። የምርጫ ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ደንቡን የወለዱት መምህራንና ዳኞች ናቸው፤ ተገላጮቹ ተስማምተው ያወጡት ሕግ አይደለም።

የሕንዱ ቅጽ እንደ አሜሪካው በሣጥን አይጫወትም፤ ቁጥሩን ይጠይቃል። እጅህ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ ስንት ነው? ወርቅህ ስንት ግራም ይመዝናል? መኪናህስ? የሚስትህስ? የመንግሥት ቤት ይዘህ ያልከፈልከው ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ ውዝፍ አለብህ? የጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲን የ2024 ቃለ መሐላ ብታነቡ በእጃቸው 52,920 ሩፒ፣ አራት የወርቅ ቀለበት፣ 45 ግራም የሚመዝን፣ በመንግሥት ባንክ ደግሞ ብዙው ገንዘብ በጊዜ ገደብ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። ጠቅላላው ሠላሳ ሚሊዮን ሩፒ ገደማ ነው። ቤት የለም፣ መሬት የለም፣ መኪና የለም።

በዚሁ ቅጽ ላይ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። ሞዲ ቀደም ባሉት ምርጫዎች የትዳር ጓደኛ የሚለውን ቦታ ባዶ ይተዉት ነበር። በ2013 ፍርድ ቤቱ ባዶ የተተወ ቦታ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት የለውም አለ። በቀጣዩ ዓመት ሞዲ ሚስት እንዳላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጹ ላይ ጻፉ። የሚስታቸው ሀብት ለሚለው ግን መልሳቸው «አላውቅም» ነው። «አላውቅም» ባዶ ቦታ አይደለምና አለፈ።

ውሸት የጻፈ እጩ እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል። ምን ያህል ጥቃቅን ነገር ይጻፍ የሚለው ግን ሲያከራክር ኖሯል። ከአሩናቻል ፕራዴሽ በግሉ ተወዳድሮ ያሸነፈ አንድ ሰው ሦስት ተሽከርካሪ አልጻፈም ተብሎ ተከሰሰ፤ የሚስቱ ስኩተርና አሮጌ ቫን፣ የልጁ ሞተር ሳይክል። ተላልፈዋል፣ የስም ዝውውሩ ብቻ ነው ያልተጨረሰው አለ። የታችኛው ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2024 ሽሮ መለሰለት፤ እጩ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ እንዲቆጥር አይገደድም፣ ዋጋው ከባድ የሆነውን ወይም አኗኗሩን የሚያሳየውን ይጻፍ ብሎ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ድስትና ምጣድ የሚያስቆጥር ሕግ ትልቁን ነገር በትንሹ ውስጥ መደበቂያ ይሆናል።

አሁን «ይህ ሁሉ ምን ለውጥ አመጣ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ደስ አያሰኝም። የዴሞክራሲያዊ ማሻሻያ ማኅበሩ እንደቆጠረው፣ በ2009 ለሕንድ ፓርላማ ከተመረጡት ውስጥ ከአስር ሚሊዮን ሩፒ በላይ ሀብት ያላቸው 58 በመቶ ነበሩ። በ2024 ደግሞ 93 በመቶ፤ ከ543ቱ 504ቱ። የሩፒው የመግዛት አቅም መውረዱን ብናስብ እንኳ፣ ሀብትን ማሳወቅ ባለጸጎችን ከፓርላማ እንዳላራቀ ግልጽ ነው። ለዚያም አልተሠራም። ድሃ ተወዳዳሪ ንጹሕ ነው፣ ሀብታም ሌባ ነው ብሎ የሚነሳ ሰው ከመነሻው ስቷል። የመጀመሪያው ቃለ መሐላ ጥቅም የሚታየው ሁለተኛው ሲመጣ ነው። በመጀመሪያው ምርጫ 45 ግራም ወርቅ የጻፈ ሰው በአምስተኛው ዓመት ተመልሶ ሲመጣ ስንት ይጽፋል? ደሞዙ የታወቀ ነው፤ የቀረው መቀነስ ነው። የሕንድ ጋዜጦች በየምርጫው የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ የድሮውን ከአዲሱ አጠገብ አድርገው ያትማሉ። በ2018 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የገቢው ምንጭም ይጻፍ አለ፤ መቀነሱ ብቻ አላደረሰምና።

ፈረንሳይን በአጭሩ ልጥቀስ። በ2012 የበጀት ሚኒስትሩ ዤሮም ካዩዛክ፣ ግብር የሚያጭበረብሩትን የሚያድኑ ሰው ማለት ነው፣ ራሳቸው ውጭ አገር የተደበቀ ሂሳብ እንዳላቸው ሚዲያፓርት የተባለ የዜና ድረ ገጽ ጻፈ። ምክር ቤት ቆመው ካዱ። በአራት ወሩ አመኑ። በ2013 አዲስ ሕግ ወጥቶ፣ መርማሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የፕሬዝዳንት እጩዎች ሀብት ከምርጫው ቀድሞ ይታተማል። የምክር ቤት አባላቱ ሀብት ግን፣ ፈረንሳያዊው መራጭ በአካባቢው ወዳለው የመንግሥት ቢሮ ሄዶ ማንበብ ይችላል፤ ያነበበውን ቢያትም እስከ 45,000 ዩሮ ይቀጣል። እይ እንጂ አታውራ! እንዲህ ያለ ግልጽነት እኔ አይገባኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አገራችን እንመለስ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። ተረቱ ሹመትን የሚያየው እንደ ማዕድ ነው። ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ አዋጅ ግን አለን፤ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002። መዝጋቢው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው።

አዋጁ ሀብት ሲል የሚንቀሳቀሰውንም የማይንቀሳቀሰውንም ንብረት ይይዛል፤ የመሬት ይዞታም ዕዳም አለበት። ዕዳው መግባቱን ልብ በሉ። ኒክሰን በሬዲዮ ያነበበው ዓይነት ዝርዝር የእኛም አዋጅ ይፈልጋል ማለት ነው። አስመዝጋቢው በየሁለት ዓመቱ ያድሳል። ስለዚህ ያ የመቀነስ ሥራ፣ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ማስተያየት፣ በእኛም አገር በወረቀት ደረጃ ይቻላል።

ማንን ነው የሚያስገድደው? ተሿሚን፣ ተመራጭንና የመንግሥት ሠራተኛን ነው። ተመራጭ ነው ያለው፤ ተወዳዳሪ አላለም። የአሜሪካና የሕንድ ሕግ ሰውየውን ደጃፍ ላይ ይጠይቀዋል፤ የእኛ አዋጅ ከገባና ከተቀመጠ በኋላ ይመዘግበዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን መራጩ ድምፁን በሚሰጥበት ቀን እጁ ላይ ምንም ወረቀት የለም። ወረቀቱ የሚወለደው ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ነው።

የተመዘገበው መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ አዋጁ ይላል፤ ማየት የፈለገ ሰው በጽሑፍ ለኮሚሽኑ ያመለክታል። አንድ በር ግን ተዘግቷል፤ የቤተሰብ ሀብት በምስጢር ይያዛል። ቤተሰብ ማለት የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ጥገኛ ልጆች ናቸው። ይመዘገባል፤ ለአመልካች ግን አይታይም። ገመናን ከመጠበቅ የመጣ ሐሳብ ነው፤ ክፉ ነው አልልም። ሚስት ወይም ባል አልተወዳደሩም፤ ሱቃቸውና ዕቁባቸው ለምን ይነበብ?

ይህ ክርክር በአሜሪካም ታይቷል። በ1984 ጄራልዲን ፌራሮ ከትልቅ ፓርቲ ለምክትል ፕሬዝዳንትነት የቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የራሴንም የባለቤቴንም የግብር ወረቀት አወጣለሁ አለች። ባለቤቷ የቤትና የሕንፃ ነጋዴ ነበር፤ የእኔን አላወጣም አለ። ነገሩ ተጋጋለ፤ በመጨረሻም አወጣ። ፌራሮ በኦገስት ወር ወደ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ በጋዜጠኞች ፊት ቆማ መለሰች፤ ጥያቄውም ስለ እሷና ስለ ባሏ ሂሳብ ነበር። ወንድ ተወዳዳሪ ስለ ሚስቱ ሱቅ ይህን ያህል ተጠይቆ ያውቃል ወይ ያሉ ነበሩ፤ ያሉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ ግን፣ በሁለቱ መካከል ምረጥ ብባል፣ በሩ እንዲከፈት እፈልጋለሁ፤ ቢያንስ ለቤትና ለመሬት፣ ቢያንስ ለዕዳ። የቤቱ ካርታ በሚስት ስም፣ የመኪናው ሊብሬ በልጅ ስም በሚወጣበት አገር፣ የባልየውን ዝርዝር ብቻ የሚያሳይ መዝገብ ለማንበብ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይኖርም።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የፓርቲዎችን ገንዘብ እናነሳለን፤ መዋጮ፣ ከመንግሥት የሚሰጥ ድጋፍና ከውጭ የሚመጣ እርዳታ። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ በአየር ላይ እንመልሳለን።